ሳይለቀም የቀረው አሸዋ

ለውድ ወንድሜ ለኤላዲዮ፣

ይህ ደብዳቤ መርከባችሁ ወደብ ገብታ፣ አንተም እግርህን ደረቅ መሬት ላይ ዘርግተህ ባለህበት ሰዓት እንዲደርስህ እመኛለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬ የሠራችልህን የሱፍ ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ትራስ አድርገኸዋል? የደቡቡ ባሕር ብርድ ቀልድ አያውቅም ይላሉና ደረትህን ጠብቅ። እኛ ከዝናቡ በቀር የምናማርረው የለም። እማዬን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያማታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። አጎታችን አማንሲዮም ጆሯቸው ከመክበዱ በስተቀር ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው የምነግርህ ብዙ ነገር አለና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የቆሻሻ ውኃው ቧንቧ ፈንድቶ ባሕረ ሰላጤያችን የገማ ጊዜ፣ ከአሸዋው ለቅመን የምንበላውና የምንሸጠው ዛጎል ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲረፈረፍ አንተም እዚህ ነበርክ። ሴቶቹ የሞተውን በባልዲ እየሞሉ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደፉት፣ እማዬ ከፊት ሆና ሽታውን እናንተም ቅመሱት ስትል ሰምተሃታል። ቧንቧው ተጠገነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አላየህም፤ ብታይ ኖሮ በእናትህ ትኮራ ነበር። ባለፈው ጸደይ ሴቶቹ ጥፍር የምታህል ጫጩት ዛጎል አምጥተው፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው እንደ ዘር ዘሯት። ከዚያም ተሰብስበው እስከ ፋሲካ ድረስ ማንም አሸዋውን እንዳይነካ ወሰኑ። የገና በዓል ሊመጣ፣ ዛጎል እንደ ወርቅ ሊፈለግ፣ እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ማለት ነው።

ነጋዴዎቹ በየበሩ እየዞሩ ሊያባብሏቸው ሞከሩ። ከመካከላችንም፣ ያቺ ከእማዬ ጋር ተስማምታ የማታውቀው ፊሎሜና፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ስታሾፍ ከረመች። እማዬ ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ዛጎል ከእንቁላልም ይዘገያልና ቻሉት ብላ መለሰችላት። ይህንንም ብላ አላበቃችም፤ ሕጉን ያጠበቀችው እሷው ናት። ዱሮ ሚስት ስትታገድ ባል በእሷ ቦታ ይገባ፣ እናት ስትታገድ ልጅ ትተካ አልነበር? ታዲያ ቅጣቱ ቅጣት አልሆነም። ስለዚህ ከተዘጋው አሸዋ የሰረቀ ሰው ከተያዘ፣ ባሕሩ ሲከፈት መላው ቤተሰቡ ወቅቱን ሙሉ ለለቀማ እንዳይገባ ይሁን አለች። ሁሉም እጁን አነሣ። ውኃው በሸሸ ቁጥር ሁለት ሁለት ሴቶች ፊሽካ አንግተው በየተራ መጠበቅ ጀመሩ።

ባለፈው ወር አንድ ጉም የዋጠው ጠዋት ተራው የእማዬና የጎረቤታችን የኦብዱሊያ ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ኦብዱሊያ ናት። ከጥቁሩ ቋጥኝ ጀርባ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ አሸዋ ይጭራል። ፊቱ አይታይም፤ ካፖርቱ ግን አንተ ለአጎታችን የላክህላቸው ካፖርት ነው። ኦብዱሊያ የእማዬን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ "ሴልሳ፣ ጉም ነው፤ እኔ ምንም አላየሁም" አለቻት። እማዬ ፊሽካውን ነፋችው።

"አማንሲዮ፣ ባልዲውን አስቀምጥ።"

አጎታችን ለገበያ አይደለም፣ ለገበታ ነው፣ ደግሞም ግማሽ ባልዲ አይሞላም አሉ። እማዬ አልጮኸችም። "ይሄ ገና አልወለደም" አለቻቸው፤ "የነገን ልጅ ነው የምትበላው።" ከዚያ ዛጎሉን አንድ በአንድ ወደ አሸዋው አስመለሰቻቸው። እሳቸው ተንበርክከው ሲቀብሩ፣ እሷም በዚያ በታመመ ጉልበቷ አጠገባቸው ተንበርክካ ትቀብር ነበር። ኦብዱሊያ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ማምሻውን ዓሣ መሸጫው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከመካከላቸው እማዬን መቅጣት የፈለገች አንዲትም ሴት አልነበረችም። ያዘራችው፣ የጠበቀችው፣ የተሟገተችው እሷ ናታ! አጎታችን ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ ባርኔጣቸውን እያሻሹ "ሆዴ ነው" ከማለት በቀር አልተናገሩም። ይግረምህና፣ መውጫ ያገኘችልን ፊሎሜና ናት። ሽማግሌው የሚያድሩት ምድር ቤት ነው፣ በራቸውም ለብቻው ነው፣ ስለዚህ ሌላ ቤተሰብ ናቸው አለች። ሁሉም ልክ ነው፣ ልክ ነው ይል ጀመር። እማዬ ብድግ አለች።

"የሚበላው ከእኔ ድስት ነው። ድስቱ አንድ ከሆነ ቤቱም አንድ ነው።"

ይህን ብላ ዛጎል የምታወጣበትን መኮትኮቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የእኔንም ጭምር፤ ሳታማክረኝ! እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ጠልቻት ነበር። ያን ሁሉ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለን የዘራነውን ሌላው ሲለቅመው ከባሕር ዳሩ ግንብ ላይ ቁጭ ብለን ልናይ ነው። አሁን ግን ንዴቴ በርዶ ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ሰው እናቴ በመሆኑ ደረቴ ይነፋል። ፊሎሜና እንኳ በማግስቱ ደጃችን ድረስ መጥታ፣ "ሴልሳ፣ አንቺ ግትር በቅሎ፣ ለዚህ ባሕር ካንቺ የተሻለ ዘበኛ አይገኝም" ብላት ሄደች። ከእሷ አፍ ይህ ቡራኬ ነው።

አጎታችንስ? ማንም ሳያዛቸው በነጋታው ጆንያ ይዘው ባሕር ዳር ወረዱ። ባሕሩ ላይ ካለው የዛጎል እርባታ ገመዶች እየወለቀ አሸዋውን የሞላውን ጥቁር የፕላስቲክ ስንጥር ታውቀዋለህ። እሱን፣ የተበጣጠሰውን መረብ፣ የጠርሙሱን ክዳን ሁሉ እየለቀሙ ጆንያ ሞልተው ይመለሳሉ። ይኸው እስከ ዛሬ አላቆሙም። የሰረቀ ሲጸድቅ ከቄስ ይብሳል መሰል፣ አሁን ሲጋራ ጉራጅ የሚጥል ሰው ካዩ ባሕሩ የአባትህ ቆሻሻ መጣያ ነው ወይ ብለው ያፋጥጡታል። እማዬ በጣም ተቀይማቸው ስለነበር ብዙ ቀን አላናገረቻቸውም። ዝናብ ሲበረታ ግን ትኩስ ሾርባ በፔርሙዝ ሞልታ፣ "ለዚያ ሽማግሌ አድርሺለት፤ ከእኔ ነው እንዳትዪው" ትለኛለች። እሳቸውም ከማን እንደሆነ እያወቁ እኔን ያመሰግኑኛል።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም። አጎታችን ጆሯቸው ስለማይሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው እንደሚያወሩ ረስተኸዋል። ከዚያ ጉማም ጠዋት በፊት እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ "ለገና ስመጣ ያችን ዛጎል ሳልበላ እንዳልቀር፣ እንደ ዱሮው በዘዴ አንድ ነገር ያድርጉልኝ" ስትላቸው ሰምቻለሁ። ልወቅስህ አይደለም ወንድምዓለም፤ አንተ ባሕር ላይ ሆነህ ስለ አዲሱ ሕግ አልሰማህም። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር፤ አንተን እምቢ ማለት አቃታቸው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ሆዴ ነው" ብለው ሲቆሙ፣ ስምህን ላለማንሣት ነበር።

ትናንት ከባሕሩ ሲመለሱ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዳርቻው ሁሉ ተጠርጎ መስታወት መስሏል፤ ከጥቁሩ ቋጥኝ እስከ አሮጌው የጀልባ ማውጫ ያለው ቁራጭ ብቻ ስንጥሩን እንደያዘ ቀርቷል። እራት ላይ እማዬ በስንት ጊዜዋ ቀና ብላ እያየቻቸው፣ ለምን እሱን እንደተዉት ጠየቀቻቸው። ዳቦ እየቆረሱ፣ "እሱ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ባለቤቱ ለገና ይመጣል" አሉ። እማዬ አጎታችንን አየች፣ ባዶውን ወንበርህን አየች፣ ከዚያ ወደ ሾርባዋ ተመለሰች።

ኦብዱሊያ ከነቤተሰቧ ሰላም ትልሃለች። ፊሎሜናም ሰላም በይው ብላኛለች፤ አትደንግጥ። ትንሿ ልጄ ኢሪያ የዓሣ ነባሪ ጥርስ አምጣልኝ ትላለች። አጎታችን፣ በገና ዋዜማ ደረቅ ዓሣና አበባ ጎመን ስለሆነ የምንበላው ተዘጋጅተህ እንድትመጣ፣ በጤና ብቻ እንድትመጣ ብለዋል። እማዬን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት ወደ ቆጡ ወጣች። አሮጌውን የጎማ ቦት ጫማህን አውርዳ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ከአጎታችን ጫማ ጎን በሩ ሥር አቆመችውና፣ "ልኩ ነው ወይ በይው" አለችኝ።

እህትህ ሳቤላ
ላሜይሮ፣ ጋሊሲያ
ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3