ያልተረጎምከው የእማማ ሐዋ ቃል

አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። አሁንም ቂሜ አልወጣልኝም። ግን ሐሙስ አሶሳ ፍርድ ቤት ቆሜ ስምህን ልጠራ ነውና፣ ከእኔ ከራሴ ስማው ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር ክረምት ላይ ወድቆ ነበር፤ ወንድሜ በቀርከሃ አጠረው። ብስክሌትህን የሚነዳት የለም፤ እማዬ ግን ጎማዋን እየቆየች ታስነፋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። በካቶሊክ ጸሎት ቤታችን በአንተ ምትክ ልጆቹን የሚያስተምር አንድ ወጣት ተልኮልናል። ትጉህ ነው፣ ግን ከወረቀት ያነባል። እማዬ ካኮረፈችኝ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ቃል አትተነፍስም። ያለችውን የሰማሁት ከወንድሜ ነው፦ «ሙት አይከሰስም በላት።»

እኔ አልከሰስኩህም። ልመሰክር ነው።

ልጅ ሳለሁ ከባምባሲ ወደ መንደሮቹ ለማስተማር ስትወጣ ከብስክሌትህ ኋላ ጭነኸኝ ትሄድ ነበር። አራቱን ምግባራት በመንገድ ላይ አስጠናኸኝ፦ አስተዋይነት፣ ፍትሕ፣ ብርታት፣ ራስን መግዛት። ዳገት ላይ ወርደን ስንገፋ «ይሄ ብርታት ነው» ትላለህ። የሰው ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ ዓይኔ ሲያርፍበት «ይሄ ደግሞ ራስን መግዛት» ትላለህ። ያኔ ከአራቱ አንዱን አጥብቄ እጠላ ነበር።

ሕግ ልማር ዩኒቨርሲቲ ስገባም ከአንተ ጋር መከራከሬን አልተውኩም። ሕግ ማለት ሥልጣን ያለው አካል ያወጀው ነው ብለው እንዳስተማሩኝ ስነግርህ ሳቅክ። ለሁሉ የሚበጅ ካልሆነና አእምሮ ካልመዘነው ማኅተም የተመታበት ጉልበት ነው አልከኝ። ይህንኑ ፈተና ላይ ጻፍኩት። ከአንተ መስማቴን አልጠቀስኩም፤ የራሴ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሸንጎው ቀን ልመለስ። እማማ ሐዋ ባላቸው የተከሉት የማንጎ ማሳ በአንድ ሰፋሪ የወፍጮ ቤት ባለቤት ተወሰደባቸው። ሰውየው የእማማ ሐዋ የጣት አሻራ ያለበት የስምምነት ወረቀት አለኝ አለ። እኔ ያኔ በነፃ የሕግ ምክር ቢሮ እሠራ ስለነበር አቤቱታቸውን ጻፍኩላቸው። ጉዳዩ መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ ተባለ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች የእማማ ሐዋን ቋንቋ፣ በርታኛን፣ የሚሰሙት አንዱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ታመው ቀሩ። ቀጠሮው ይለወጥ ብል «መምህር እያሉ ምን ቸገረን» አሉኝ። መምህር አንተ ነህ። ከወለጋ በወጣትነትህ መጥተህ በርታኛን ከነቀልዱ የለመድክ፣ ክሊኒኩም ገበያውም የተጣላውም በአንተ አፍ የሚነጋገር ሰው።

እማማ ሐዋ የተናገሩት አጭር ነበር። ጣቴን አትሜያለሁ አሉ። ቀጥለው፣ የባሌ ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የእርዳታ እህል ወረቀት ነው ብለው አስነኩኝ፣ ማንም አላነበበልኝም አሉ። አንተ ማተማቸውን ተረጎምክ። የቀረውን «ሐዘን ላይ ነበርኩ ይላሉ» ብለህ ዘጋኸው። የማታለሉን ነገር ዋጥከው።

ተነሥቼ የቀረ አለ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያደረግከውን ነው መርሳት ያቃተኝ። አንዱ ሽማግሌ ወደ አንተ ዞረው «መምህር፣ ልጅዎ የቀረ አለ ትላለች፤ እውነቷን ነው?» ሲሉህ ፈገግ ብለህ «የእሷ በርታኛ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል» አልካቸው። ሳቁ። ሌላኛው ደግሞ «ሕግ የተማረ ሁሉ አባቱን ማረም ይጀምራል» ብለው ጨመሩበት። አብረህ ሳቅክ። በርታኛን ቃል በቃል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዋሽተህ አታውቅም ነበርና አመኑህ፤ ዕድሜህን ሙሉ የኖርክበትን እውነተኝነት እኔን ውሸታም ለማድረግ ተጠቀምክበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ምክንያትህን ነገርከኝ። «ኢንተላ ኮ» አልከኝ፣ ልጄ ስትለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር፤ «ይሄ አገር በትንሽ ነገር እንደሚነድ አይተሻል። ሰፋሪ የአገሬውን መሬት አታሎ ወሰደ ከተባለ ነገ ገጀራ ይወጣል። አንድ ማሳ ከአንድ መንደር አይበልጥም። አስተዋይነት ማለት ይሄ ነው።»

ፍርሃትህ ከንቱ አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ሲሸሹ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን አስተዋይነት ወደ መልካሙ የሚወስደውን መንገድ ይመርጣል እንጂ መልካሙን በሌላ አይለውጥም፤ ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እማማ ሐዋ የሌሉበት የጋራ ጥቅም ከማን ጋር ነው የጋራ? ገጀራ ይዘው አልመጡም። የጻፍኩላቸውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሕግ ይሰማኛል ብለው የመጡትን ሴት እንደማይሰማቸው አሳይተን የሰደድናቸው እኛ ነን። ያንን ሰላም አልከው።

ማሳው ለሰውየው ተወሰነ። ዛፎቹን በሳምንቱ አስቆረጣቸው። እኔንም ቢሮው፣ አባቷን ሸንጎ ላይ ያዋረደች ልጅ ባለጉዳይ አያምናትም ብሎ አሰናበተኝ። ይህን ስነግርህ አንገትህን ደፋህ፤ ሄደህ ግን አንድ ቃል አልተናገርክልኝም።

ሕመሙ ሲጸናብህ አባ መጥተው አናዘዙህ። በሩ ሲከፈት ፊትህ አርፎ አየሁት። ምን እንዳልካቸው አላውቅም፣ ልጠይቅም አልችልም። ግን ልጆቹን ስታስተምር ፍየል ሰርቆ ስለተናዘዘው ሰው ትነግራቸውና «ፍየሏስ?» ትላቸው ነበር። «ትመለስ» ይሉሃል በአንድ ድምፅ። ከኑዛዜህ በኋላ ሦስት ቀን ኖርክ። አጠገብህ ነበርኩ፤ ውኃ በማንኪያ እያጠጣሁህ ጠበቅኩ። እማማ ሐዋን ጥሪልኝ ትለኛለህ ብዬ ነበር። አላልክም።

ሳንጠራቸው መጡ። ከቀብርህ ማግስት ለቅሶ ደርሰው ከእማዬ አጠገብ ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ሲወጡ ሸኘኋቸው። «አባትሽ ጥሩ ሰው ነበረች» አሉኝ በተሰባበረው አማርኛቸው፤ «እኔን ግን ሸጠች።»

አሁን እማማ ሐዋ ያቀረቡት ይግባኝ ተቀባይነት አግኝቶ ምስክር ሊሰማ ነው። ሸንጎው ላይ በርታኛውንም አማርኛውንም የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው የሙት ዓመትህ እስኪያልፍ ቆዪ አሉኝ። የሙታን ነፍስ ለራሷ ምንም ማድረግ አትችልም፣ ሕያዋን ግን ይችሉላታል ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እማዬ ቅዳሴ ታስደርስልሃለች። እኔ ደግሞ ያልመለስከውን እመልስልሃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ አይደለም። አላልኩም። ምናልባት ከሐሙስ በኋላ ይመጣ ይሆናል፤ ካልመጣም ምስክርነቴ አይቀርም።

ሰው ሁሉ ደግ ደጉን ብቻ አስታውሺ ይለኛል። ያ እኔን ያሳደገኝ ሰው አይደለም፤ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው። እኔ ሙሉህን አስታውስሃለሁ፣ ዳገት ላይ አብረኸኝ የገፋኸውንም ሸንጎ ላይ የሳቅክብኝንም። ዳኛው አስተርጓሚው ማን ነበር ሲሉኝ ስምህን ከነአያትህ እነግራቸዋለሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ቀጥለው ዝምድና አላችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

አባቴ ነው እላለሁ።

ልጅህ