ከቀሚሱ ውስጥ ብቅ የሚለው ፊት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምህ? እኛ ደህና ነን፤ ባትጠይቅም።

ልጅህ እናቷ ሥራ ስትሄድ የምትውለው እኔ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ዳዴ ጀምራለች፤ ሁለት ጥርስም አብቅላለች። አንተ ሹራብህን ፊትህ ላይ ጥለህ «አባዬ የለም!» እያልክ፣ ከዚያ ብቅ እያልክ ስታስቃት ከርመህ ሄድክ አይደል? እዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቀሚስ ይለካል። አንዷ ደንበኛ ቀሚሱን በጭንቅላቷ ስታጠልቅ ልጅህ ትንፋሿን ውጣ፣ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ብቅ የሚለው የሌላ ሰው ፊት ሲሆን ኡኡታ ነው! ባለፈው አንዷ «ያስለቀሳት ቀሚሱ ነው ወይስ እኔ?» ብላ ተቀይማኝ ሄደች። ጨዋታ አስለምዶ የሚጠፋ ምን ዓይነት ሰው ነው? በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» ማለት ላንተ ምንም አይደል። እሷ ግን የምርህን መስሏት ነበር።

አሁን ለቅሶው ቀርቷል፤ ደስ ይበልህ። ደንበኞቼም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉልኛል። ትናንት እኔው ራሴ ያንን ትተኸው የሄድከውን ሹራብህን ፊቴ ላይ ጥዬ «አባዬ የለም!» አልኳት። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ድምፅ የለም። ገልጬ ሳይ ጀርባዋን ሰጥታኝ በቁራጭ ጨርቅ ትጫወታለች።

በል እንግዲህ፣ ጤናህን ይስጥህ። ሹራብህን እስካሁን አላጠብኩትም።

እህትህ