ቤቱን ልሸጠው ነው፣ ፊርማህን ላክ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን፣ የወዳጅህን የአናጢውን ነገር ልንገርህ፤ አለዚያ እሱ እንዴት ሆነ እያልክ የቀረውን በቅጡ አታነበውም። ከጣራ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ነበር። በዚያ ዕድሜው ጣራ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ አትበል፤ ሚስቱም ብላዋለች፣ እኔም ብዬዋለሁ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አሁን በምርኩዝ ከአልጋው እስከ በሩ ይመላለሳል። ሐኪሙ ስድስት ወር ያርፍ ብሎ ነበር፤ እሱ በስድስተኛው ሳምንት መጋዜን የት አደረጋችሁት ማለት ጀመረ። የመጨረሻ ልጁ ደግሞ መንታ ወልዳ እናቷ ቤት አራስ ናት፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሚስቱ ሦስት ሕፃን ነው የማሳድገው እያለች ትስቃለች። ትልቁ ሕፃን ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ቤቱን ልሸጠው ነው። ልሸጠው አስቤያለሁ አላልኩም፣ ልሸጠው ነው። ልጆቹን አማክሬአለሁ። ሴቷ ትንሽ አለቀሰችና የሳሎኑን መጋረጃ ለማንም እንዳትሰጪብኝ አለች። ወንዱ፣ ዘገየሽ እንጂ እማዬ አለኝ። እውነቱን ነው። አራት ክፍል እየጠረግኩ የምተኛው በአንዱ ነው። ይሄ ሰፈር እንደምታውቀው ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፉም አጥሩም ያረጀ፤ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ደስ ይላል። እኔ ግን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለመስፋት በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ እቀያይራለሁ። አሁን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከኋላው ሁለት መኖሪያ ክፍል ያለው ሱቅ አግኝቻለሁ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። የስፌት መኪናዬን እሱ ሥር አድርጌ አላፊ አግዳሚውን እያየሁ እሰፋለሁ፣ አለቃም የለብኝ። የሱቁ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ፈላጊ አላት።

ገዢም ተገኝቷል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም መምህራን፣ ሦስት ልጆችና የሚስትየዋ እናት አብረዋቸው አሉ። ይዟቸው የመጣው ደላላ መናገር ያለብኝንና የሌለብኝን አስቀድሞ አስጠንቶኝ ነበር። እኔ ግን የኋላ ክፍሉ በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር በዝናብ ጊዜ አብጦ አልከፈት እንደሚል፣ ሁሉንም አሳየኋቸው። ደላላው ወደ ጎን ወሰደኝና፣ እትዬ፣ ቤት ሲሸጥ አፍ ይዘጋል አለኝ። ክረምት ሲገባ ጣራው ራሱ ይነግራቸው የለ እንዴ አልኩት። እነሱ ደግሞ ይኼንኑ ወደዱት መሰለኝ፣ በሳምንቱ እንገዛለን ብለው መጡ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለስም ዝውውሩ ቀያሽ ተልኮ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ግቢው መሃል ተከለ። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ወረቀቱን አገላበጠና፣ እመቤቴ፣ ኩሽናዎ ጎረቤት ገብቷል አለኝ። አንድ ሜትር ከሃያ። አንተና አናጢው ያን ግንብ የሠራችሁ ዕለት ትዝ አለኝ። ገመዱን ከወጠራችሁ በኋላ የእሱ ዛፍ ሥር መንገድ ላይ ቢገኝ፣ ሥሩን ከምንቆርጥ ገመዱን እናጥፈው ብላችሁ ወደ እሱ በኩል አጠፋችሁት። ቀጥሎ ግንብ ከተገኘማ ብለህ ኩሽናውን እሱ ላይ አስደገፍከው። ወረቀት አልተጻፈ፣ ምስክር አልተጠራ፤ ሁለታችሁም ኖራ በኖራ ሆናችሁ ስትሳሳቁ ነው የዋላችሁት። ዛፉ ከወደቀ ስንት ዓመቱ።

መምህራኑ ፈሩ፣ አልፈርድባቸውም። ደላላው ኩሽናውን እናፍርሰው አለ። እኔ አናጢው ዘንድ ሄድኩ። መሬቱን ለቤቱ ለቅቄአለሁ ብሎ ቢፈርም ነገሩ እንደሚያልቅ ቀያሹ ነግሮኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አላየውም።

“እኔ የሰጠሁት ለእሱ ነው” አለኝ። “ለገዢ አልሰጠሁም። ይምጣና ራሱ ይጠይቀኝ።”

ክፋት አይደለም። አንተን ማስመጫ ዘዴ ያገኘ መስሎት ነው።

“አይመጣም” አልኩት።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው፣ የጉዞ ወረቀቱ አላለቀለት ብሎ ነው፣ ለከርሞ ነው ስል ኖሬአለሁ። እሱም ይኼን ሁሉ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ የምታጣጥፈውን የሕፃን ጨርቅ ይዛ ቆመች። አናጢው መነጽሬን አቀብሉኝ አለ። ፈረመ። ከዚያ፣ ለገዢዎቹ ንገሪያቸው፣ ግንቡን ከነኩት ግን በምርኩዜ ነው የምመጣባቸው አለኝ።

እንግዲህ የቀረው ያንተ ነው። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው፤ ያንተ ውክልና ከሌለ ውል አይጸድቅም። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ፣ የምትፈርምበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። እዚያው ያለ ውል አዋዋይ ዘንድ ሂድና ፈርም፣ ማኅተም ይደረግበት። ነገ ዛሬ አትበል። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ መምህራኑም ሱቁም ያመልጡኛል፤ ያኔ ደግሞ እዚሁ አራት ክፍል ስትጠርጊ አረጀሽ እንዳትለኝ። ድርሻህ እንደማይጠፋብህ ታውቃለህ፤ ስለሱ ልጃችን ይጽፍልሃል። ለምን ቀረህ፣ ከማን ጋር ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ይኼ ደብዳቤ የዚያ አይደለም።

መሣሪያዎችህን ለወንዱ ልጅ ሰጥቻለሁ። ልብሶችህን አጥቤ በሻንጣ አድርጌአቸዋለሁ፤ ትፈልጋቸው እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ካልፈለግካቸው የሚለብሳቸው አይጠፋም። ባለህበት ጤና ይስጥህ፣ እጅህ ከሥራ አይጉደል፣ ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አትጣ። ከልቤ ነው።

ይኼን ጽፌ ፖስታውን ላሽግ ስል በሩ ተንኳኳ። የመምህርቷ እናት ናቸው፣ ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው። አልጋውን ሊያዩ ነው። አናጢው ክፍሉ ውስጥ ስለገጣጠመው በበሩ አይወጣምና ከነፍራሹ ከቤቱ ጋር እንዲቀር ተስማምተን ነበር፤ የሚተኙበት እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን አወለቁና በጀርባቸው ተጋደሙ። ወዲህ ተገላበጡ፣ ወዲያ ተገላበጡ። ከዚያ ፍራሹን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ “ልጄ፣ ይሄ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የጎደጎደው” አሉኝ።

“አዎ እማማ” አልኳቸው፣ “ሌላው ጎን እንደ አዲስ ነው።”

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አንድ ጊዜ አጠገባቸው ጋደም አልኩ፣ በዚያኛው በኩል። እውነትም አዲስ ነው። “ይመቻል?” አሉኝ። ይመቻል አልኳቸው።

የልጆችህ እናት