ስለ «ዜሮ ብልሽት» ሽልማትዎ ከታልጋራ ሸለቆ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዴዝሞንድ ፕራውስ
የሸለቆዎች የእሳት ጥሪ መምሪያ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የታልጋራ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ደኅና ነን፤ የተቃጠለው ሣርም መብቀል ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ በሸለቆው ጋዜጣ በኩል የምልክልዎ፣ በቀጥታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ውስጥ ጠፍተው ብዙ ስላደከሙዎት፣ አምስተኛው ደግሞ እንዳያደክምዎት በማሰብ ነው። ስሜ ዊኒፍሬድ ኦልድሮይድ ይባላል፤ የቡድኑን ሬዲዮ የምይዘው እኔ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ከተማ ውስጥ የሶፍትዌር ብልሽት እያደንኩ ኖሬአለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ወደ ታች ሲያነቡ እንዳይደነግጡብኝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሽልማቱ ላመስግን። ባለፈው ወር ራስዎ ድረስ መጥተው፣ የእሳት ጥሪ መተግበሪያዎ በእኛ ዘንድ አንድም ጊዜ ሳይዘጋ መሥራቱን ሲያበስሩን፣ «ዜሮ ብልሽት ያስመዘገበ ሸለቆ» የሚል የመስታወት ሰሌዳ አበረከቱልን። ቋሊማችንን በዳቦ በሉ፤ ሽንኩርቱ ከላይ ይሁን ከሥር በሚለው ክርክራችን ሳይቀር ተሳተፉ። ከዚያም ግድግዳው ላይ አንድ ባዶ ምስማር አይተው፣ «እንዲያውም ቦታ ጠብቃችሁልኛል!» ብለው በገዛ እጅዎ ሰቀሉት። ማንም አልሳቀም፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ስላልጠየቁ አሁን እነግርዎታለሁ።

ምስማሩ የኬልቪን ትሬምባት ነበር። በጣቢያችን ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈባት ቀይ ፕላስቲክ አለችው። ጥሪ ሲመጣ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ይገለብጣታል፤ ማን እሳቱ ዘንድ እንዳለ፣ ማን እንዳልተመለሰ የምናውቀው በእሷ ነው። የኬልቪን ሠላሳ አንድ ዓመት ተሰቅላ ኖራ በእርስዎ ፊርማ ወረደች። ቅሬታዎቼንም ከዚሁ ልጀምር።

፩ኛ. በበጋው እኩሌታ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ የወይዘሮ ኢልማ ራድኬ የድርቆሽ ማከማቻ በእሳት ተያዘ። መተግበሪያዎ ለአሥራ አራታችን ጥሪ ላከ። አለቃችን ኖሪን ሃጋርት፣ እኔና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ደረስን፤ ከሦስታችን አንዳችንም የእሳት አደጋ መኪና የመንዳት ፈቃድ ስለሌለን፣ ውኃ የሞላው መኪና አጠገብ ቆመን ጭሱን ተመለከትን። የዕለቱ ተረኛ ሾፌር ኬልቪን ነበር። አራት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ስልኩን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ በግ ይሸልት ነበር። ምንም አልሰማም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጭሱን ከጉብታው በላይ አይቶ ሲበር ደረሰ፤ ያኔ ድርቆሹም የወተት ማለቢያ ቤቱም አልቀው ነበር። ኢልማ ላሞቿን ለማስወጣት የጋለውን የብረት በር በባዶ እጇ ስትከፍት መዳፎቿ ተላጡ። ላሞቹ ግን ተርፈዋል።

፪ኛ. በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤዎ መጣ። «ጥሪው ደርሷል፣ ተከፍቷልም፤ ተረኛው ሾፌር ምላሽ አለመስጠቱ ግዴታን መተው ነው፤ ከቡድኑ ይሰናበት» ይላል። አጭርና ግልጽ ነው፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ መጻፍ ለሁሉም አይሰጥም። ከዚያ ወዲያ ኬልቪን መጠጥ ቤት በገባ ቁጥር ክላይቭ ናንከርቪስ ከጥግ ሆኖ፣ «ኧረ ኬል፣ ስልክህ እየጠራ ነው!» ይላል፤ ቤቱም ይስቃል። ኬልቪን መሄድ ተወ። በእኛ መንገድ መኪናና መኪና ሲተላለፉ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ማንሳት ሰላምታ ነው፤ ለማያውቁት ሰው እንኳ ይነሳል። ኢልማ ለኬልቪን ማንሳት አቆመች። እሱ እጇ በፋሻ ስለተጠቀለለ መስሎት ነበር፤ ፋሻው ከተፈታም በኋላ ግን አላነሳችም። አንድ ቀን አጥር እየጠገነ ሳገኘው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ዊኒ፣ ምናልባት ጠርቶ ይሆን እንዴ? እኔው ሳልሰማ ቀርቼ ይሆን?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሰው በራሱ ጆሮ ላይ ጥርጣሬ እንዲያድርበት ስላደረጉት እስከ ዛሬ ድረስ አልተኛሁልዎትም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴም አልበረደም።

፫ኛ. ከእሳቱ ሁለት ዓመት በፊት መተግበሪያው በእጃችን ላይ ድንገት እንደሚዘጋ አመልክተን፣ ሲዘጋ ምን እንደሆነ በመዝገብ ይያዝ፣ ለእናንተም ይነገራችሁ ብለን ለምነን ነበር። ከእሳቱ በፊት አደረጉልን፤ ለዚህ ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎችዎ ግን የሞባይል ኢንተርኔት ክፍያ እንዳይበዛብን ለኪሳችን በማዘን፣ የብልሽት ሪፖርቱ የሚላከው ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። የእኛ ሸለቆ በአንዲት የስልክ ምሰሶ የሚኖር ነው፤ ከቡድናችን አባላት በቤቱ ዋይፋይ ያለው የለም። እናም ስልኮቻችን እያንዳንዱን ውድቀት በታማኝነት እየጻፉ በሆዳቸው ያዙት። ከታልጋራ ምንም ሳይመጣ ሲቀር፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሽልማት ታዘዘልን እንጂ። ለባለሙያዎ ስልክ ደውዬ ነበር። «ወይዘሮ ኦልድሮይድ፣ ስክሪኑ እኮ ዜሮ ነው የሚለው» አለኝ። «ዜሮ ብልሽት ነው ወይስ ዜሮ ሪፖርት?» አልኩት። «እሱን እንኳ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለ። ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ስሙን አልጽፍም፤ እንዳይሸልሙት ፈራሁ።

፬ኛ. ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ በልምምዳችን ቀን፣ ኬልቪንንም ጠርቼ፣ አሥራ አራቱንም ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ በገመድ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁና መዝገቡን አወጣሁ። የዚያን ማክሰኞ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ በአሥራ አንድ ስልኮች ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነበር፦ ጥሪው ገባ፣ የማንቂያው ድምፅና ካርታው እኩል እንከፈት አሉ፣ አሮጌው ስልክ አቅም አጣ፣ መተግበሪያው ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። ኬልቪን ስልክ ላይ የቆየው ሦስት ሰከንድ ነው። በደብዳቤዎ «ተከፍቷል» ያሉት እነዚያን ሦስት ሰከንዶች ኖሯል። የቀሩት አሥር ሰዎች ለካስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስልክ ጥፋት መስሏቸው አፍረው ዝም ብለዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ያው ክላይቭ ነው። ኖሪን ጮክ ብላ አንብባ ስትጨርስ ተነሥቶ፣ «ኬል፣ እኔ አህያ ነኝ» አለ። ኬልቪንም፣ «ለእሱ እንኳ መዝገብ አያስፈልግም» አለው። ከአምስት ወር በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ኢልማም ሰማች። በማግስቱ በመንገድ ሲተላለፉ አንድ ጣት ሳይሆን ያን ጠባሳ ያለበት እጇን ሙሉውን አነሳችለት። ከዚያም የቤቷን የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን ከጣሪያዋ አስነቅላ ለጣቢያችን ሰጠች። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ የተከለው ኬልቪን ነው። ስለዚህ ደስ ይበልዎት፣ ታልጋራ ዋይፋይ አላት።

ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክቡር ሚኒስትሩ በተገኙበት፣ የሸለቆዎችን ሁሉ ብልሽት የሚያሳየውን ግድግዳ ሙሉ ስክሪን እንደሚመርቁ፣ ዜሮውም በአረንጓዴ እንደሚያበራ በጋዜጣ አነበብን። ከደስታዎ መቅረት አልወደድንም። ልክ በአራት ሰዓት እኛና ወሬውን የሰሙ የስድስት ጎረቤት ሸለቆዎች ቡድኖች ጣቢያችን ውስጥ ተሰብስበን ስልኮቻችንን ከዋይፋዩ ጋር እናገናኛለን። እስካሁን የቆጠርኩት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሪፖርት ነው። የመጀመሪያውን የሚልከው ኬልቪን ይሆናል፤ ያችኑ የሦስት ሰከንዷን። ምረቃውን ቢሰርዙት ወይም የሪፖርቱን መቀበያ ቢዘጉት አንከፋም፤ ቅጂው በጋዜጣው አዘጋጅ እጅ ነው፣ የሚኒስትሩም ጸሐፊ አንድ ደርሷቸዋል።

ከእርስዎ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። እንደገና ወደ ጣቢያችን ይምጡ፤ ያን ደብዳቤ በሰዎቹ ሁሉ ፊት ቆመው ራስዎ ያንብቡት፤ ሐሰት እንደነበረም በዚያው አፍ ይናገሩ። ከዚያ በሰቀሉበት እጅ መስታወትዎን አውርደው የኬልቪንን ቀይ ፕላስቲክ በምስማሯ ላይ ይመልሱ። ቋሊማ ግን አናቀርብም።

ለሸለቆአችን ስላሳዩት አሳቢነት፣ ዝምታችንን እንደ ጤና ስለቆጠሩልን፣ ሽልማቱንም ይዘው እስከ ደጃችን ስለደከሙ፣ ዕድሜ ልኬን የማልረሳዎት፣ እርስዎም እንዳይረሱኝ የምተጋ፣

አክባሪዎ
ዊኒፍሬድ ኦልድሮይድ
የታልጋራ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ቡድን የሬዲዮ ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ እዚህ መስመር ድረስ ካነበቡ ደብዳቤዬ ደርሷል፣ ተከፍቷልም። ከእንግዲህ ምላሽ አለመስጠት ምን እንደሚባል በራስዎ ፊርማ ጽፈውልናል።