የመናኸሪያው አግዳሚ

ሰኞ
«ይፈርሳል» ይላል። በቀይ ቀለም፣ ቆሎ ከምሸጥበት የመናኸሪያው በር አጠገብ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ይህን ለማንበብ ከሆነ ባልቆጠርኩ! ጅማ ሌላ እንዲህ ያለ ግንብ አልነበራትም። የአጋሮና የሊሙ ሰው አውቶቡሱ ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየው ነበር። አሁን መንገድ ሊሰፋ ነው አሉ።

ማክሰኞ
ግንቡን ይውሰዱ። በአዳራሹ ያለውን አግዳሚ ግን አልሰጥም። ሟቹ ባለቤቴ ከድር ከአንድ የዋንዛ ግንድ የጠረበው ነው፤ አንዲት ሚስማር የለውም። ከርዝመቱ የተነሳ መጀመሪያ እሱን አስቀመጡ፣ ግንቡን ከዚያ ዙሪያውን ገነቡ።
የአፍራሾቹ አለቃ ልጅ እግር ነው። «እማማ፣ እንጨቱን ይውሰዱት፣ ለማገዶ የተተወ ነው። ግን በበሩ አይወጣም። ነገ በመጋዝ ለሁለት እንቆርጥልዎታለን» አለኝ። እንቆርጥልዎታለን! እንደ ውለታ!

ረቡዕ
በጠዋት ሄጄ ተቀመጥኩበት። ባለመጋዙ መጥቶ መጋዙን አጠገቤ አኖረ። አንስቼ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። አለቃው ደነገጠ።
«እማማ፣ ጣሪያው ይወርድብዎታል!»
«የጎኑን ግንብ ክፈትልኝ። ግንብ ሳይኖር ገባ፣ ግንብ ሳይኖር ይወጣል።»
የጫኞቹ አለቃ ነጂብ ከበር ሆኖ ወደ እኔ እያመለከተ ሳቀ። «ኢንጂነር፣ አዴ ዘሃራን በቡና ወራት፣ ያ ሁሉ ጆንያ ሲገባ እንኳ ከበሩ ማንሳት አቅቶናል። ዋላሂ፣ አትልፋ።»
አለቃው ስልክ ደወለ፣ ተነፈሰ፣ እሺ አለ። መጋዙን ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ለመያዣ።

ሐሙስ
የጎኑ ግንብ ወደቀ። ከድር ድንጋዩን ለግንበኞች ሲያቀብል ያየሁበት ግንብ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ለአቧራው ነው ብያለሁ። ነጂብ «ቢስሚላሂ!» ሲል ጫኞቹ ሁሉ ከአግዳሚው ሥር ገቡ። ሰፈሬ ጊንጆ እስክንደርስ ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። አንድ ጭረት የለበትም! መጋዙን መለስኩ። አለቃው አመሰገነኝ፤ እኔ አላመሰገንኩትም።

ጁምዓ
በቤቴ በርም አልገባ አለ። ነጂብ «አዴ፣ መጋዙን መልሰን እንዋስ?» አለኝና ስድቤን ጠገበ። ደጅ፣ ከጣሪያው ሥር ቀረ። ከስግደት የተመለሱ ጎረቤቶች ተቀመጡበት። አንድ ሻንጣ የያዘ ተማሪ «እማማ፣ አውቶቡስ እዚህ ነው የሚቆመው?» አለኝ። አሁን የት እንደሚቆም እኔስ መች አወቅሁ። «ተቀመጥ» አልኩት፣ ቆሎ ዘገንኩለት።
ቀይ ቀለሙ ጊንጆም ይመጣ እንደሆን አላህ ያውቃል። ከመጡ ግን ቁጭ ብዬ ያገኙኛል።