ኮሶው ፊት መንበርከክ

የካቲት 12

ስብሰባ። የቢሮ ኃላፊያችን ሲናገሩ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ሲያዳምጡ አነሳኋቸው፣ ሲያጨበጭቡ አነሳኋቸው። ሲያዛጉም አንስቻቸው ነበር... አጠፋሁት። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው፤ ንግግርን ከማዛጋት ለመለየት።

ከሥራ በፊት ግን ወንዝ ወርጄ ነበር። ከከተማው በታች፣ ከጉና ተራራ የሚመጣው ውሃ በድንጋዮቹ መሀል በሚንሸራተትበት ቦታ፣ አንድ ያረጀ ኮሶ አለ። ቅርፊቱ ቀይ፣ ንብርብር፣ የተበጣጠሰ። ዛፍ "አሳምረኝ" አይልም። "ቦርጬን ደብቅልኝ" አይልም። ሌንሱን ቅርፊቱ ላይ አነጣጥሬ የካሜራውን ዓይን ትንሽ ረዘም አድርጌ ከፍቼ ስተወው፣ ከኋላ የሚወርደው ውሃ ወተት ይሆናል። ቅርፊቱ ጥርት፣ ውሃው ጭስ። የቆመ ይቀራል፣ የተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ብርሃን ከበዛ ውሃው ተራ ውሃ ነው።

የካቲት 14

የካሜራ ማቆሚያዬ አንድ እግሩ ተሰበረ። አሁን ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ተንበርክኬ ነው የማነሳው። ለብርዱም፣ ስክሪኑ እንዲታየኝም ጋቢ እከናነባለሁ። እንዳይነቃነቅብኝ ትንፋሼን ውጬ በከንፈሬ እቆጥራለሁ። ከዚያ ግንባሬ ድንጋዩን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብዬ ያነሳሁትን አያለሁ።

አከራዬ እትዬ ማሬ የሱሪዬን ጉልበት አዩና ዝም አሉ። እትዬ ማሬ! ዝም! ይህ ለብቻው ዜና ነው።

የካቲት 17

ጾም ገባ። "ይርዳው፣ ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?" አሉኝ እትዬ ማሬ።

"በአፌ፣ እትዬ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ መልስ ስድብ ነበር የሚከፈለኝ። ዛሬ አንገታቸውን ደፍተው "ትሕትናህ" አሉ። የእኔ! ፈራሁ።

የካቲት 21

ዛሬ ካነሳኋቸው በአንዱ፣ ወተት ከሆነው ውሃ ማዶ ነጭ ነገር አለ። ቁመቱ የሰው። ፊት የለውም። እዚያ ሳለሁ ማንም አልነበረም... ነበረ እንዴ? ጋቢ ተከናንቦ የሚቆጥር ሰው ምን ያያል?

መንፈስ ከሆነ፣ አቋቋሙ ከኃላፊያችን ይሻላል።

የካቲት 23

እንደገና። ቀረብ ብሏል።

የካቲት 25

ልቤ አላርፍ ሲለኝ ፎቶዎቹን ይዤ ዓለምነው ጋ ሄድኩ። ዓለምነው ፎቶ ቤት አለው፤ የሙሽራ ጥርስ ሲያነጣ ይውላል። ነጩን ነገር በኮምፒውተሩ አጎላው።

"ነጠላ ነው" አለ። "ይኸው ጥለቱ። አጋንንት ባለ ጥለት ይለብሳሉ እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ አልብሻቸው አላውቅ።"

ሳቅን። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶና የዛሬውን ጎን ለጎን አደረጋቸው፤ ሳቁን ተወው።

"ይርዳው፣ እዚህ ጋ የነበረው ቅርፊት የት ሄደ?"

የመዳፍ ስፋት ያህል ተልጧል። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ። በየቀኑ ፊቱ ተንበርክኬ... አላየሁም። የሚያምረውን እየፈለግሁ የጎደለውን አላየሁም።

የካቲት 27

ዛሬ ካሜራ አልያዝኩም። ድንጋይ ጀርባ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው... ርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት።

እትዬ ማሬ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቢላዋ ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

አልደነገጡም። "ጸሎትህን አስታጎልኩህ፣ ልጄ?"

"የምን ጸሎት?"

"ተው እንግዲህ። ከማዶ ቆሜ ሳይህ ከረምኩ። ተከናንበህ፣ ተንበርክከህ፣ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ፣ ግንባርህ መሬት ሲደርስ። ሰው እንዲያው ለዛፍ አይሰግድም። የታየህ ነገር አለ።"

"ፎቶ እያነሳሁ ነው፣ እትዬ! የቅርፊቱን ፎቶ!"

"የቅርፊት ፎቶ? ማን ሊገዛህ?"

ገዢ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ።

ቅርፊቱን ቀቅለው እየጠጡት ነው። ለደም ግፊታቸው። ክኒኑን ትተውታል፤ ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ መጠራጠር ነው ይላሉ። አምና ወድቀው ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ነርሷ እኔው ፊት ነው የነገረቻቸው፤ "ክኒኑን አንድ ቀን እንዳይተዉ፣ እማማ። ደግመው ከወደቁ አይነሱም።"

የካቲት 29

ፎቶውን ባሳያቸው ያምኑኛል ብዬ... ሞኝ! ካሜራውን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይሄ ውሃ ነው?"

"ውሃ ነው። ካሜራው ነው እንዲህ የሚያደርገው።"

"ውሃ ስቀዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ውሃ እንዲህ አይደለም። ይሄ ደመና ነው።" ጣታቸው ማዶ ያለው ነጭ ነገር ላይ ቆመ። "ይቺስ ማናት? ነጭ የለበሰችው?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።"

"አፍህን ያዝ!" አሉና ስክሪኑን ተሳለሙት።

ራሳቸውን ተሳለሙ። ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም። የተንቀሳቀሰ ይጠፋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ... እዚያ ፎቶ ላይ እየጠፉ ነበር።

መጋቢት 4

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ገበያ ላይ አንዲት ሴት እጄን ልትስም ታገለችኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ ስል "ይደብቃል፣ ደጎች እንዲህ ናቸው" ይላሉ። በካድኩ ቁጥር እጸድቃለሁ። ኃላፊያችን ቢሮ ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ስለ ዝውውራቸው በጸሎት እንዳስብላቸው ጠየቁኝ።

ኮሶው ሥር ቢላዋ የያዘ ሰው በዝቷል። ቅቤ የቀባውም አለ... በጾም! ቁስሉ ግንዱን ሊዞረው ነው።

መጋቢት 6

የእትዬ ማሬን የንስሐ አባት ለመንኳቸው። እሳቸውም በቁጣ መጡ፤ "ለዛፍ መንበርከክን ማን አስተማረሽ? ክኒንሽን ዋጪ!" አሏቸው።

እትዬ ማሬ ጉልበት ስመው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ፣ "ቀኑብህ" አሉኝ።

መጋቢት 9

እትዬ ማሬን ነሰራቸው። የነጠላቸው ጥለት የቱ እንደሆነ አልለይ እስኪል። ግድግዳ ተደግፈው፣ "መጥፎው ደም እየወጣ ነው። እየሠራ ነው" ይላሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ስሜን ሲጠሩ ምላሳቸው ተያዘ። ለቅጽበት ነው... ግን ተያዘ።

ክኒኑን እጄ ላይ ይዤ ለመንኩ። እጄን ዘግተው ሳሙት።

ተጋድሜ የምሰማው ቅርፊት ሲላጥ ነው። ርጥብ ጨርቅ፣ ርጥብ ጨርቅ። አንዳንዴ የሚላጠው የዛፉ አይመስለኝም።

መጋቢት 12

ክህደት አልሠራም፣ ቄስ አልሠራም፣ ነርስ አልሠራችም። እኔን ብቻ ነው የሚሰሙት፤ የሚሰሙትም የምለውን ሳይሆን የመሰልኳቸውን ነው። ስለዚህ መፍረስ ያለበት እኔ ነኝ።

ዕንቁላል ገዛሁ። ባለሱቁ "ለፋሲካ ነው?" አለኝ። "ቸኩያለሁ" አልኩት።

እዚህ ላይ ብቻዬን ነኝና ልጻፈው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ። በዚህ አልቀለድኩም ነበር።

መጋቢት 13

ቅርፊት የሚልጡት ሴቶች እስኪሰበሰቡ ጠበቅኩ። ኮሶው ሥር፣ ቅቤው ላይ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የተቀቀለ ዕንቁላል አውጥቼ ላጥኩ። የዕንቁላሉን ቅርፊት የዛፉ ቅርፊት ሥር ጣልኩ። ጎረስኩ።

መጀመሪያ ያመመኝ መሰላቸው። ሁለተኛውን ስልጥ አንዷ ጮኸች። ሦስተኛው አነቀኝ፣ ግን ዋጥኩት፤ ወተት አስከተልኩበት። አገሳሁም... ማግሳቱ ትርፍ ነበር፣ ግን ሥራ ከጀመሩ መጨረስ ነው።

"የተረገመ!" "ዛፉን አረከሰው!" "ይሄን ነው የጠጣነው?" አንዷ ጣቷን ጉሮሮዋ ከታ ለማስመለስ ስትታገል አየኋት።

እትዬ ማሬ ቢላዋቸውን ውሃው ውስጥ ጣሉት። ዓይናቸውን ብቻ አየሁ። የሞተ ልጅ የሚያዩ ነበር የሚመስሉት።

መጋቢት 14

ግድግዳችን ስስ ነው። ጠዋት እየተንጎራደዱ ብቻቸውን ያወራሉ። "ዕንቁላል! በዐቢይ ጾም! በእኔ ቤት እያደረ!" አንድ ነገር ተወረወረ፤ ጀበናው ይሁን ድስቱ... "ወይ ራሴ! ይሄ ቆሻሻ በንዴት ሳይገድለኝ... የት አለ ያ ክኒን?"

ከዚያ ክኒኑ ከማሸጊያው ቀጭ ብሎ ሲወጣ ሰማሁ። ውሃ ሲጠጡ ሰማሁ። ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። "ዕቃህን አውጣ" አሉ። "ዛሬውኑ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"እትዬ አትበለኝ።"

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ማንም አልጠራኝም። የምኖረው ዓለምነው ፎቶ ቤት ጓሮ ነው። የዶሮ እግር አመጣልኝና፣ "አንተማ ቀድመኸን ፈስከሃል" አለኝ። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ሌላ ፎቶ አንሺ ይዘው መጥተዋል። በንስሐ የታዘዝኩትን ስግደት በሕማማት ጨርሻለሁ። በሬን ዘግቼ ነው የሰገድኩት... ሰው እንዳያየኝ።

ሚያዝያ 25

ወንዝ ወረድኩ፣ ያለ ካሜራ። ማንም የለም። ቁስሉ ግንዱን ዞሮ ገጥሟል፤ ደርቆ ጠቁሯል። ላዩ ግን ለምለም። ግብርና ቢሮ ያለ ሰው ጠይቄ ነበር፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ወዲያው አይሞትም አለኝ። ሥሩ ያጠራቀመውን እስኪጨርስ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። አዲስ እምቡጥ አየሁበት። መሞቱን ገና አልሰማም። የሚያውቀው የእኔ ዓይን ብቻ ነው፤ የገደለውም እሱ ነው።

ስመለስ ዳገቱ ላይ እትዬ ማሬ። ከገበያ መምጣታቸው፣ ጀርባቸው ላይ ድንች። አዩኝ። እንደ ሁሉም ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ከመንገድ ወጣሁላቸው።

አላዞሩም። ከእግር ጥፍሬ ጀመሩ። የተወለድኩበትን ቀን፣ ያጠባኝን ጡት፣ የተማርኩበትን ፊደል፣ የምቀበርበትን ጉድጓድ፤ አንድም ሳይዘልሉ ረገሙኝ። ምላሳቸው አልተያዘም። ትንፋሽ አላጠራቸውም። ያን ሁሉ ዳገት፣ ያን ሁሉ ድንች ተሸክመው፣ እየወጡ፣ እየራቁ፣ እየረገሙ... ጫፍ ደርሰው ቁልቁል እስኪጠፉ ድረስ እርግማናቸው ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማሁ።