የሳቢሳዎች የዘንድሮ ተስፋና የኩራሞቺ ጉልበት

ለክቡር አቶ ኢሳሙ ቶዮሺማ
የካዜሃማ ሳቢሳዎች ቤዝቦል ክለብ ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

የፕሪሙ አበባ ፈክቶ፣ ብርዱ ግን ከወደቡ አልወጣም ባለበት በዚህ ሰሞን እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በተለይም ወገብዎ እንደምን ሰንብታችኋል?

እኔ ከስታዲየሙ ጀርባ የልብስ ንጽሕና ቤት ያለኝ፣ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ በቀኙ ትሪቡን የደጋፊዎቹን የጥሩምባ ቡድን የምመራ ሴት ነኝ። ባለፈው መኸር፣ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ሻምፒዮን ስንሆን እንደ ልጅ አልቅሻለሁ። ስለዚህም በክለቡ መጽሔት «የዘንድሮው ቡድን ካምናው ይበልጣል» ብለው የጻፉትን ትንበያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በአድናቆት፣ አንዴ ደግሞ የሚያወሩት ስለእኛው ቡድን መሆኑን ለማረጋገጥ። ምስጋናዬንም በተራ አቀርባለሁ።

፩. ግራኙ ወርዋሪያችን አሜሪካ ሄዷል፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ክቡርነትዎ «የእሱ መሄድ ለወጣቶች ዕድል ከፍቷል» ብለዋል። የቤት ጣሪያ በነፋስ ሲነሣም ለዝናብ ዕድል ይከፈታልና አባባልዎ እውነት ነው።

፪. ኃይለኞቹ መቺዎቻችን አንድ ዓመት አርጅተዋል፤ ትንበያዎ ግን «ልምድ ጨምረዋል» ይላል። በዚህ ስሌት የእኔም ጥርሶች ልምድ ጨምረዋል።

፫. ኳስ ቀላቢያችን ኩራሞቺ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በሜዳችን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ለወርዋሪዎቹ በጣቱ ምልክት እየሰጠ፣ ሲደነግጡ እያረጋጋ ለድል ያበቃን ሰው፣ «ጉልበቱ አያስተማምንም» ተብሎ ተሰናብቷል። ልክ ነዎት፣ አያስተማምንም። ጉልበቱ እንዴት እንደተጎዳ ግን ትንበያዎ በትሕትና ስላለፈው፣ ለአንባቢዎችዎ እኔ ልሙላው።

ያሸነፍን ዕለት ተጫዋቾቹ እንደ ወጉ አሰልጣኙን ወደ ላይ እየወረወሩ ቀለቧቸው። አሰልጣኙ መሬት እንደረገጡ ክቡርነትዎ ኮትዎን አውልቀው፣ ማንም ሳይጠራዎት፣ መሃል ገብተው ቆሙ። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸውና ወረወሩዎት። «አሁንም! ከፍ አርጉኝ እንጂ!» ሲሉ እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ከፍ አደረጉዎት። ወዲያው ፎቶ አንሺዎች ሲጣሩ ወጣቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ እርስዎ ሲወርዱ ከሥርዎ የቀረው ኩራሞቺ ብቻ ነበር። ሥራው ነውና ቀለበዎት። አጠገቤ የነበረው ቶፉ የተባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ሺንኪቺ «ኧረ ጉድ፣ ኩራሞቺ ባይኖር እኮ ዋንጫና ቀብር በአንድ ቀን ነበር!» አለ፤ ስለ አነጋገሩ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ተነሥተው ለካሜራው እጅዎን አውለበለቡ። እሱን ግን በቃሬዛ አወጡት።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ ክለብዎ ግን ጠጠሩንም ነፍጎታል። ስንብቱ የተነገረው በስልክ ነው። ይህ ነገር አናዶኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ብዙ ሞክሬ ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

፬. በእሱ ቦታ ስለመጣው ወጣት «ክንደ ብርቱ» ብለው መጻፍዎን አደንቃለሁ። ከልምምድ ካምፑ እንደሰማነው የሚወረውራቸው ኳሶች ከሜዳው አልፈው መኪና ማቆሚያው ድረስ ይደርሳሉ። ኩራሞቺን ደግሞ የጎረቤት ከተማ ተቀናቃኞቻችን ኦኪዙዎች አሳክመው ወስደውታል። የወርዋሪዎቻችንን ድክመት ከራሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ቸርነትዎን መላው ኦኪዙ ያመሰግናል።

የመክፈቻው ጨዋታ በእኛ ሜዳ፣ ከእነዚሁ ጎረቤቶቻችን ጋር ነው። ስለዚህ ደጋፊዎች አንድ ነገር ብቻ ለምነን ነበር፤ ጨዋታው ሳይጀመር ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራ፣ ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ይንሣ፣ እኛም በወጉ እንሰናበተው። ይህን ሜዳ ሳይሰናበት ጡረታ እንዳይወጣ ነው ጭንቀታችን፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ሌላ ዓመት ላይኖረው ይችላል። ጽሕፈት ቤትዎ «የተጋጣሚን ተጫዋች ማክበር የአሸናፊነት መንፈሳችንን ያዳክማል» ሲል በፍጥነት መልሶልናል። ለፍጥነቱ እናመሰግናለን።

ሻምፒዮንነቱ እንዲደገም፣ ዕድሜዎም እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የትንበያዎ ትጉህ አንባቢ፣
ሱሚኤ ኩዋታ
ከቀኙ ትሪቡን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥያቄያችን ውድቅ ስለሆነ፣ የቀኙ ትሪቡን ደጋፊዎች በሙሉ ለመክፈቻው ጨዋታ በግራ በኩል፣ በኦኪዙ ደጋፊዎች መካከል ቲኬት ቆርጠናል። ኩራሞቺ ዱላውን ይዞ ሲገባ ከእኛ ጋር ሳለ በጥሩምባ የምንነፋለትን የድሮ ዘፈኑን እንነፋለታለን። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ወደ ቦታችን እንመለሳለን። ያን ቀን ቀኙ ትሪቡን ባዶ ስለሚሆን፣ ክቡርነትዎ እዚያ ቆመው ትንበያዎን ቢያነቡ የሚረብሽዎት ሰው አይኖርም።